ቀጭን ልጅ የእናት፣ ወፍራም ልጅ የአባት

ደብረ ሲና ተወልጄ ያደግሁ መምህር ነኝ። ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ወረድኩ፤ እዚያው አገባሁ፤ እዚያው ወለድኩ። የመጀመሪያ ልጄን የባሌ ዘመዶች መጥተው ሲያዩ ግን ደስታቸው ብዙም አልቆየም። ልጅቷ ቀጭን ነበረች። ጣቶቿ ረጃጅም፣ እግሮቿ ሰላላ። በደንብ ትጠባለች፣ በደንብ ትተኛለች፣ ስታለቅስም ሰፈሩን ታናጋለች። ጉንጭ ብቻ አልነበራትም። በባሌ ቤት ደግሞ ጉንጭ የሌለው ሕፃን የእናቱ ጥፋት ነው።

አማቴ ሐሜት አይወዱም፤ የሚሉትን ፊት ለፊት ነው የሚሉት። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «የደጋ ሴት ወተቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ልጅ አያሳድግም» አሉ። ሴቶቹ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ የአብሽ ውኃ፣ አንዷ የገብስ አጥሚት፣ ሌላዋ የግመል ወተት አዘዘችልኝ። ሁሉንም ጠጣሁ። እኔ ወፈርኩ፤ ልጄ እንደቀጠነች ቀረች።

ከሁሉም የባሰችብኝ ከጎናችን ያለችው ባለሱቅ ነበረች። አብረን ነው የወለድነው። የእሷ ልጅ ክንዱ በክር የታሰረ እስኪመስል ድረስ እጥፍጥፍ ያለ ነው። ይዛው ትመጣና «ይጫወቱ» ብላ ከልጄ አጠገብ ታስተኛዋለች። አንገታቸውን እንኳ ያልቻሉ ሕፃናት ምን እንደሚጫወቱ እሷ ታውቃለች። እሷና ባሏ አንድ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚቸግራቸው ሰዎች ናቸው፤ ይህን ግን ከልጁ ውፍረት ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም። ምስጋናው ሁሉ ለወተቷ ነበር።

በመጨረሻ አማቴ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሊያሳክሙኝ ሳይሆን ሊከሱኝ ነበር። ገና ወንበር ሳንይዝ የጤና መኮንኑን፣ «ዶክተር፣ ወተቷ ውኃ ነው፤ ንገራት!» አሉት።

መኮንኑ ልጅቷን መዘናት፣ ክንዷን ለካ፣ ዓይኗንና አፏን አየ። «ጤነኛ ናት። በራሷ መጠን እያደገች ነው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ የአማቴን ቁመትና ከሻርፓቸው የወጣውን ቀጭን ክንድ አየ።

«እማማ፣ አባቷ ሕፃን ሳለ እንዴት ነበር?»

«የኔ ልጅ?» አሉ አማቴ በኩራት። «ወላሂ፣ አንበጣ ነበር የሚመስለው! አባቱም እንደዚያው ነበር አሉ።»

«እንግዲያው በአባቷ ወጥታለች። የሕፃን ክብደት ከሚጠባው ብቻ አይመጣም፤ ከዘሩም ይወርሰዋል። ወተቷ ምንም አልጎደለውም።»

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ አማቴን አየኋቸው። ሻርፓቸውን ክንዳቸው ላይ ሳብ አደረጉና፣ «የኔ ልጅ የቀጠነውማ አማቴ ወተቴን በዓይኗ ስላደረቀችው ነው» አሉ። መኮንኑ ሳቁን ሊደብቅ ጎንበስ ብሎ መሳቢያ ከፈተ። ወደ ቤት ስንመለስም፣ «ልጅ እግር ነው፤ ገና አልወለደም፤ ምን ያውቃል?» ሲሉ መጡ።

ከዓመታት በኋላ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ጡቱ ያው ጡት፣ ወተቱ ያው የደጋ ወተት ነው። ልጁ ግን ክብ፣ ከባድ፣ አንገት የለሽ ሆኖ መጣ፤ ቁርጥ የኔን አባት። ያን ጊዜ ስለ ወተት የሚያወራ ጠፋ። አማቴ ታቅፈውት ገበያ ለገበያ ዞሩ። «ማሻ አላህ በሉ እንጂ!» እያሉ ሰውን ይቆጣሉ። ማንን መሰለ ሲሏቸው፣ «የኛን ዘር ነዋ! ደም የት ይሄዳል?» ይላሉ።

አባቴ የልጅ ልጁን ሊያይ ከደብረ ሲና ወረደ። ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀመጥንለት። ያው ክብ ፊት፣ ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው የጠፋ አንገት። አሁንስ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ወደ አማቴ ዞርኩ።

አማቴ አንዴ አባቴን፣ አንዴ ልጁን አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አየሽ፣ አባትሽ ልጃችንን መምሰል ጀመሩ» አሉኝ።

አባቴ ሰምቶ ከልቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።