ጎርፍ ሰሚው አያቴ

ደረቅ አሸዋ ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው፣ ገና ከተራራው ያልወረደ ውሃ እንዴት ይሰማል? እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ የዘራችንን ሐረግ በወረቀት ላሰፍር ብላ መጥታ፣ «እቴቴ፣ የአያትሽ ሥራ ምን ነበር?» አለችኝ። ስነግራት ሳቀች። አልተቆጣኋትም፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስቄ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ሲዳሩ እኔ ከሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቤ ፊደል እቆጥር ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ካላነበበ አይሆንለትም፤ የስኳር መጠቅለያውን፣ የሱቁን ሰሌዳ፣ የመቃብሩን ድንጋይ። አንድ የግንቦት ከሰዓት፣ ድሬዳዋ በሙቀት ዝም ባለችበት ሰዓት፣ የቤታችንን ዳዊት አውርጄ የመጨረሻ ገጾቹን ገለጥኩ። ያኔ ቤተሰብ ልደቱንና ክርስትናውን የሚያስጽፈው እዚያ ነበር። በትልቁ አጎቴ ልደት ሥር የክርስትና አባቱ «የባቡር ጣቢያ ፋኖስ ለኳሽ» ተብሏል። ይሄ ይገባል። ከአባቱ፣ ማለትም ከእናቴ አባት ከወልዴ ስም አጠገብ ግን ቄሱ «ጎርፍ ሰሚ» ብለው ጽፈዋል።

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር።

«እማዬ፣ ጎርፍ ሰሚ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

እጇ ቀጥ አለ። «ቄሱ አዝነውልን ነው። ሥራ ፈት ብለው እንዴት ይጻፉ? ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ሲተኛ ይውላል፤ ሲነሳ ደግሞ ነጠላውን ዘርግቶ እዚያ ከሚሸጡት ሴቶች እፍኝ እፍኝ ይለምናል። ልጆች ‹የለማኝ ልጅ!› እያሉ ነው ያሳደጉኝ። በይ ከድኚልኝ!»

ከደንኩት። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። ቄስ ለለማኝ ቢያዝን ጎርፍን ከየት ያመጣዋል? በማግስቱ የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ገባሁ። ዘይቱናና ሐልዋ በሚሸትበት ጠባብ መንገድ ዳር አሮጊቷ አዴ መዲና ማንጎ ትሸጣለች፤ በልጅነቷ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ከሰል ሻጭ እንደነበረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድሬ አንቱ አታበዛም፤ እኔም አላበዛሁም።

«አዴ መዲና፣ ወልዴ የሚባል ሰው ታስታውሻለሽ?»

«ወልዴ ጆሮው? ዋሪያ! አንቺ ምኑ ነሽ?»

«የልጁ ልጅ።»

ሳብ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ያኔ ገበያው ወንዙ አሸዋ ላይ ነበር አለችኝ። ከተማው ጠብታ ሳያይ፣ ላይ ደንገጎ ተራራ ከዘነበ ውሃው ድንገት ከች ይላል። ወልዴ ጆሮውን መሬት ላይ ይጥላል፣ እነሱ ይሸጣሉ። እሱ ተነስቶ ቆርቆሮ ሲመታ ዕቃቸውን አንስተው ዳገት ይወጣሉ።

«አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መታ። አንዱ ባለ ግመል ‹ሕልም አይቶ ነው፣ ተዉት ይተኛበት!› ብሎ ሳቀ። ወላሂ፣ ሳቁን ሳይጨርስ ውሃው መጣ! ግመሎቹን በዱላ እየነዳ ያወጣለት ወልዴ ነው።»

«እናቴ ግን ይለምን ነበር ትላለች።»

«ማ? ወልዴ?» የያዘችውን ማንጎ አስቀመጠች። «እፍኙን አይታ ነው? አቦ፣ ደሞዙ ነው እንጂ! ባለ ማሽላዋ ማሽላ፣ እኔ ከሰል። ገበያተኛ ሳይመጣ የሱን እናወጣለን። ያልሰጠች ሴት አጠገቤ ጆንያ አትዘረጋም! የለማኝ እፍኝ ማታ ከተረፈው ነው፤ የወልዴ ግን ከሁሉ በፊት!»

ነጠላውንና እፍኙን ያየች ትንሽ ልጅ ይህን ቅደም ተከተል በምን ታውቃለች?

በአንድ ምስክር የማልረካ ሰው ነኝና ሌሎች አሮጊቶችንም ጠየቅኩ፤ ቃላቸው አንድ ሆነ። ቢሆንም እናቴ «ከድኚልኝ» ያለችውን ለመግለጥ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ብዙ የተማሩ ሰዎችን አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹም ያስደንቁኛል። ግን በዚያ ሁሉ የአህያና የጭቅጭቅ ጫጫታ መሃል፣ የገበያውን ሰው ነፍስ በአንድ ጆሮው ይዞ፣ አላፊ አግዳሚው ሰነፍ ሲለው ሳይነሳ እንደዋለው ሰው ያስደነቀኝ የለም።

በነሐሴ ከእናቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ ደቻቱ ሞልቶ አገኘነው። ድልድዩ ላይ ከሰዉ ጋር ቆምን። ቡናማው ውሃ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይዞ ይገለባበጣል። እናቴ ግን ዓይኗ ከዳርቻው አልተነሳም።

«እዚያ ጋ ነበር የሚተኛው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ውሃው ይጮኻልና አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ እፍኙም።

«ሳይሸጡ በፊት?» አለችኝ።

«ሳይሸጡ በፊት።»

 ኋላ ሕፃን ታቅፋ አጠገባችን የቆመችውን፣ አይታት የማታውቃትን ሱማሌ ሴት ክንዷን ነካ አደረገቻት።

«አባቴ እኮ» አለቻት፣ «እዚህ ወንዝ ላይ ነበር የሚሠራው።»