የወፍጮው እጅጌ

በጃንሆይ ዘመን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ወፍጮ ቤት ጠራጊ ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ገና መንፈቅ አልሞላውም፤ ከል ለብሼ፣ ዱቄት እየተነሰነሰብኝ እውላለሁ። በወፍጮ ቤቱ ልማድ መሬት የፈሰሰው ዱቄት የጠራጊዋ ነው። ማታ ማታ በቁና ይዤው እገባና ለዶሮዎቼ አቦካላቸዋለሁ። እነሱም ጠግበው ይጥላሉ፤ እንቁላሉን ሸጬ የሁለት ልጆቼን ጉድለት እሞላበታለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደምቆ ሰው ሲጋፋ፣ ከአማኑኤል በኩል የመጣች ሴትዮ ያስፈጨችውን ጤፍ መልሳ ሚዛን ላይ አወጣችው። ጎደለ! እኔን ከነመጥረጊያዬ ስታየኝ፣ "ይቺ ናት! በጥራጊ ስም ዱቄታችንን የምትዝቀው!" ብላ ጮኸች። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ አፈጠጠብኝ። ደሜ ፈላ። "አፍሽን ሰብስቢ! እኔ የሰው ጆንያ ውስጥ እጄን ከትቼ አላውቅም!" አልኳት፤ ማን ይስማኝ? የወፍጮው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉም ሰው አልነበሩም፤ ግን ደንበኛ ሊሸሽባቸው ሆነ። "ስሚ ልጄ፣ የሚመጣው ቅዳሜም ከጎደለ መጥረጊያሽን አስቀምጠሽ ትሄጃለሽ" አሉኝ።

ሥራዬን ማጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ሌባ ተብሎ መውጣት ግን! በዚያች ከተማ ከእንግዲህ ማን ደጁን ይከፍትልኛል? እህል ውሃ አልወርድ አለኝ።

ማክሰኞ ዕለት ከንዴቴ ብዛት አንድ ነገር መጣልኝ። ከል ነጠላዬን አውልቄ ከወፍጮው ሥር ዘረጋሁት፤ ጥቁር ላይ ዱቄት አይደበቅም። አየሁት እኮ! ዱቄቱ ከድንጋዩ ወደ ጆንያው የሚወርድበት የአቡጀዲ እጅጌ ስፌቱ ተተርትሮ ያፈሳል። ይባስ ብሎ ሰዉ እህሌ አለቀ ብሎ ጆንያውን መንጭቆ ሲሄድ፣ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ዱቄት ዘግይቶ ይወርድና ነጠላዬ ላይ ይከመራል። ወይ ጉድ! ለካ ስጠርግ የኖርኩት የሰዉን ጉድለት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ አመነታሁ። ይህ ከተደፈነ ዶሮዎቼ ምን ሊበሉ ነው? ግን ስሜ በለጠብኝና እጅጌውን ድርብ አድርጌ ሰፋሁት፤ አስረዘምኩት፤ ከጆንያው አፍ ጋር የሚታሰርበት ገመድም አበጀሁለት።

"አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ሆነሽ አረፍሽው?" አለኝ ወፍጮውን የሚያስነሳው ፈጪ፣ ቀልደኛ ነገር ነው።

"አዎ፣ ሆንኩ! እህሉ ሲያልቅ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገም፤ ከዚያ እጅጌውን መታ መታ አድርገህ ፍታ።"

ሰዓት የለን፣ በምን እንለካው? ረቡዕ አጣድፎ ደገመውና ዱቄቱ ፈሰሰ። ሐሙስ ጮክ ብለህ፣ ቀስ ብለህ አልኩት። ዓርብ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ አብሮት ይደግም ጀመር።

ቅዳሜ ያቺ ሴትዮ መጣች። እህሏ ሲያልቅ ቤቱ በሙሉ አቡነ ዘበሰማያት አለ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከእጅጌው አልነቀልኩም። ጆንያው ተፈቶ ሚዛን ላይ ወጣ። መሬት ከቀረችው አንዲት እፍኝ በቀር ምንም አልጎደለም። እፎይ! መጥረጊያዬን እንደያዝኩ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ አጠገቤ ዝቅ ብላ፣ "ይቅር በይኝ እህቴ፣ በከንቱ ስምሽን አጠፋሁ" አለችኝ። አንጀቴ ራሰ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ የጎደለው የት ሲገባ ነበር?" አሉ ባለቤቱ።

"ዶሮዎቼ ሆድ ውስጥ ነዋ፣ ጌታዬ!"

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ማታ ቤት ስደርስ ዶሮዎቼ እንደ ልማዳቸው ከበቡኝ። ቁናውን ገልብጬ አሳየኋቸው። ትልቁ ልጄ፣ "እማዬ፣ ዛሬ ምንም የለም?" አለኝ። "ምንም የለም ልጄ፣ ተመስገን!" ብዬ አቅፌው አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እንቁላሉ ቀነሰ፤ ልጆቼን ግን የሌባ ልጆች ያላቸው የለም።