ጫማዎን ያውልቁ

አባቴን «እንዴት ነህ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁት። ከጠየቃችሁት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላችኋል። ከዚያ ስለ እናንተ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃል፣ ወንበር ይስብላችኋል፤ እናንተም «አቤት፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ይሄ ጨዋነት ነው እግሩን ሊያስቆርጠው የነበረው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሲበርድልኝ አወራዋለሁ ብዬ ብዙ ጠበቅሁ፤ አልበርድ አለኝ፤ እንግዲህ ተናድጄ እንዳለሁ ስሙኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለችው ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ክፍል ናት። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው፤ ቀኝ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ውሎ ያመሻል። ሞተር አስገጥምለት ሲሉት «እግሬ ካላዘዘው ስፌቱ አያምርም» ይላል። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ደንበኛ ከገባ፣ ባለሥልጣን ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ «ኮትህን አውልቅ፣ ቀጥ በል፣ ሆድህን ደግሞ እንዳትስብ፤ ኋላ ሱሪው አልገባ ሲል እኔን ልትረግም ነው» ይለዋል። ሰው ለመለካት አያፍርም። ሳይለካ መቀስ አያነሳም። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ነን። የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከሾፌርና ከመካኒክ ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል ሰፈሩ «እሳቷ» ይለኛል። አባቴ ውሃ፣ እኔ እሳት። ከሱ እንዴት እንደወጣሁ እኔ እንጃ።

ስኳር እንዳለበት የታወቀው ዓይኑ እየደበዘዘበት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው ነው። ሐኪሙ ጤና ጣቢያ ያለው ወጣት ነው፤ ጉንፋኑንም፣ ግፊቱንም፣ ስኳሩንም፣ የሕፃናቱን ተቅማጥም የሚያየው እሱው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። ኪኒን ሰጠው፣ አመጋገቡን መከረው፣ በየጊዜው እንዲመጣ ቀጠረው። አባቴም ቀጠሮ ዝንፍ አያደርግም። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ፊት እስኪያሳይ ወልውሎ ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ ፊቱ ሠርግ ቤት ደርሶ የመጣ ይመስላል።

«ዛሬ ዶክተሩ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተቀበለኝ! ወይ አስተዳደግ!»

«እሺ፣ ስለ ስኳርህ ምን አለህ?»

«ደህና ነው አለኛ። እንዴት ነዎት አባቴ አለኝ፣ ደህና ነኝ አልኩት፣ ጣቴን ወግቶ አየና ጎበዝ አለኝ።»

ጎበዝ! ለምን ጎበዝ እንደተባለ የማውቀው እኔ ነኝ። ቀጠሮው ሲቃረብ ሻዩን ባዶውን ይጠጣል፣ ዳቦውን ወደ እኔ ይገፋል፣ ረስቶት የከረመውን ኪኒን ከመሳቢያ ያወጣል። ቀጠሮው ባለፈ ማግስት የስኳሩን ዕቃ አቅፎት ታገኙታላችሁ። አንድ ቀን እጁን ይዤ «አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ልጁ ለኔ ብሎ ይደክማል። ቁጥሩ ከፍ ሲልበት ፊቱ ጥቁር ይላል። ለምን ላሳዝነው?»

ሰው ሐኪሙን እንዳይከፋው ብሎ ይታመማል? አባቴ ይታመማል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከርመን አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሱቁ ገባሁ። እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ወንበር ሊስብልኝ ሲራመድ፣ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀኝ እግሩ ባረፈ ቁጥር ነው።

«ምንድን ነው የሚንቀጫቀጨው?»

«ምኑ?»

«እግርህ ነዋ!»

«እንጃ፣ ጫማው አርጅቶ ይሆናላ።»

ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩትና እግሩን ወደ ላይ አነሳሁት። ሶሉ ላይ የስፒል ራስ ያብለጨልጫል። ልብስ ሲለካ ከእጁ የወደቀ ስፒል ነው፤ ሶሉን በስቶ ገብቶ ራሱ ብቻ ውጭ ቀርቷል። ጫፉ የት እንደደረሰ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጫማውን ሳወልቅለት ካልሲው ተጣብቆ አልመጣ አለ። ቀስ ብዬ ስልጠው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ከአውራ ጣቱ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ጣቶች ሥራቸው ጠቁሯል፣ ዙሪያው አብጧል፣ መግል ይዟል።

«አባዬ፣ በሞቴ፣ ይሄ አያምህም?»

«ኧረ ደህና ነኝ! እንዲያውም ድሮ እግሬን ያቃጥለኝ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ትቶኛል።»

ትቶኛል ይለኛል! በስፒል ላይ እየሄደ፣ በዚያው እግር መኪና እየረገጠ፣ ትቶኛል!

«ያቃጥለኛል ብለህ ለዶክተሩ ነግረኸዋል?»

«ለዚች ለማትረባ ነገር? ስንት የታመመ ውጭ ተሰልፎ እየጠበቀው?»

ወዲያው ታክሲ ኮንትራት ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ወረፋ የለ፣ ካርድ የለ፣ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ዶክተሩ እንደለመደው ብድግ አለ።

«እንዴት ነዎት አባቴ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እርስዎስ? እናትዎ እንዴት ሰነበቱ?»

እግሩ በስብሶ እናትዎ እንዴት ሰነበቱ! የያዝኩት ትዕግሥት ሁሉ አመለጠኝ። ሐኪምን አንቱ ማለት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ያን ቀን ግን አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ስማ፣ አንተ!» አልኩት። «ይሄን ሰውዬ ስታይ ስትሸኝ ከርመሃል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ጫማውን አስወልቀኸው ታውቃለህ?»

«ምን ነካሽ?» አለ አባቴ። «አዋረድሽኝ እኮ።»

ዶክተሩ የአባቴን እግር ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጓንት አጥልቆ ወለሉ ላይ ተንበረከከና በቀጭን ነገር የእግሩን ሥር እየነካካ ይጠይቀው ጀመር።

«ይሄ ይሰማዎታል?»

«አዎ።»

«ይሄስ?»

«አዎ፣ እንዴታ።»

አባቴ እግሩን አይደለም የሚያየው፤ የዶክተሩን ፊት ነው። ዶክተሩ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበና ምንም ሳይነካው «ይሄስ?» አለ።

«አዎ፣» አለ አባቴ።

ዶክተሩ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አየኝ።

«ማስወለቅ ነበረብኝ። በየቀጠሮው ማየት ነበረብኝ፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር ይደነዝዛል፣ አውቀዋለሁ። ግን አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እንዲያ አምሮባቸው ሲመጡ፣ አጎንብሰው ማሰሪያ ይፍቱ ማለት ከበደኝ።»

«እኔስ ብሆን?» አለ አባቴ፣ ሊያግዘው ብሎ። «ቀኑን ሙሉ መኪና ሲረግጥ የዋለ እግር በሰው ልጅ አፍንጫ ሥር ላውጣ? ነውር አይደለም?»

ተገናኝተዋላ! አንዱ ያውልቁ ማለት ያፍራል፣ አንዱ ማውለቅ ያፍራል፤ በመሃል እግሩ ይበሰብሳል። ጮህኩ። ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው በሩን ከፍቶ አየኝ። ይየኝ!

«አንተ ሰው ሱቅህ ሲገባ አታስወልቅም?» አልኩት አባቴን። «የማታውቀውን ሰውዬ ወገቡን አቅፈህ አትለካም? ሳትለካ የቆረጥከው ጨርቅ አለ?» ወደ ዶክተሩ ዞርኩ። «እሱ ለአንድ ሱሪ እንዲህ ይጠነቀቃል። አንተ ደህና ነኝ ስላለህ ብቻ ሸኘኸው! ደህና ነኝማ ሞቶም ይልሃል!»

ዶክተሩ ልክ ነሽ አለ። ልክ ነሽ ሲለኝ የባሰ ተናደድኩ፤ የምጣላው ሰው አጣሁ።

በዚያው ዕለት ትልቁ ሆስፒታል ላኩን። ቀዶ ሐኪሟ ነገሩን አላለሳለሰችውም። ሁለቱ ጣቶች ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁስሉ በመድኃኒት ካልተያዘ ግን እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ይሄዳል። ቀኝ እግሩ፣ የሚሰፋበት እግር። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ «አይዞሽ፣ ብቻ ነፍሱ ትትረፍ እንጂ በሞተርም ይሰፋል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፣ አውቃለሁ። «አክስቴ፣ በእናትሽ ዝም በይ» አልኳት።

ጣቶቹ ከወጡ በኋላ ጠያቂው ጎረፈ። አንዱ ገብቶ «እንዴት ነህ?» ይላል፣ አባቴ ትራሱን ተደግፎ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ሌላው ይገባል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ግንባሩ በትኩሳት እየነደደ የሰው ልጆች ስም እየጠራ ደህንነታቸውን ይጠይቃል። ነርሷ መጥታ «ሕመም አለዎት?» ስትለው አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«እሱን አትጠይቂው፣ የኔ እህት። ቴርሞሜትሩን ጠይቂ፣ ቁስሉን ጠይቂ፣ እኔን ጠይቂኝ። እሱ ውሸታም ነው!»

አክስቴ በሳል ታፈነች፤ ጠያቂው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አባቴ ብቻ «ልጄ ናት፣ ደክሟት ነው» እያለ ነርሷን ይቅርታ ጠየቀልኝ።

እግሩ ተረፈ። ለዚህ ተመስገን እላለሁ፣ እኔም እላለሁ። ቁስሉ ደርቆ፣ አዲስ ሰፊ ጫማ ገዝተንለት ሱቁን ከፈተ። ዶክተሩ ያዘዘው ነገር ሕፃን የሚገባው ነው። ኪኒኑን ቀጠሮ ቀረበ ራቀ ሳይል በየቀኑ ይውጣል። እግሩን ታጥቦ በጣቶቹ መሃል ያደርቃል፣ ሥሩን በመስታወት ያያል። ባዶ እግሩን አይሄድም። ጫማ ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ዳስሶ ያራግፋል። እኔ ካለሁ ሁሉን ያደርጋል። ዞር ስል ነው ጣጣው።

«ተይኝ እስቲ አንቺ ደግሞ» ይለኛል። «አሁን እኮ ይሰማኛል። ደህና አድርጎ ነው የሚሰማኝ።»

ይሄንኑ ለአክስቴ ነገራት፣ ለደንበኛው ሁሉ ነገረ። ዶክተሩ የሄደ ስሜት መመለሱ ከባድ ነው ብሎን ነበር፤ አባቴ ግን እንዲያ ደስ ብሎት ሲናገር እኔም አመንኩት። ሰው ደግ ወሬ ማመን ይወዳል።

ያለፈው ቀጠሮ ላይ አብሬው ሄድኩ። የዶክተሩ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «ስኳር ያለብዎ ሁሉ፣ እንደገቡ ጫማዎን ያውልቁ» ይላል። ወረፋ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ አንብበውት «ምነው፣ ልንተኛ ነው እንዴ የመጣነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተራችን ደረሰና ገባን።

«እንዴት ነዎት አባቴ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እርስዎስ?»

ቆሽቴ አረረ። ዶክተሩ ግን ፈገግ አለ። «እኔም ደህና ነኝ። ያውልቁ።»

አባቴ አጎንብሶ ማሰሪያውን ፈታ። ዶክተሩ ቀኙን ጫማ ተቀብሎ ገልብጦ መታ መታ ሲያደርገው አንድ ነገር ጠብ አለና ተንከባልሎ እግሬ ሥር ቆመ። አነሳሁት። ባለ አራት ቀዳዳ ጥቁር የኮት ቁልፍ ነው።

ወዲያው አወቅሁት። በዋዜማው ባለ ኮቱን ደጅ አስቁመን፣ ጠረጴዛውን ገፍተን፣ ወለሉን ጠርገን፣ ቀኑን ሙሉ ስንፈልገው የዋልነው ቁልፍ ነው። አባቴ እላዩ ላይ ቆሞ ነበር አብሮኝ የሚፈልገው። ያን ቀንም ከቤት እስከዚያ የመጣው ረግጦት ነው።

አፌን ከፈትኩ። የምለው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ቀረ። አባቴን እንዲያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም፤ ለቀዶ ጥገና ሲያስገቡት እንኳ አልጋውን ከሚገፋው ሰውዬ ጋር እየተጫወተ ነበር የገባው። ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«አልተሰማኝም፣» አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ ዶክተሩን አየው።

«ምንም አይሰማኝም፣ ዶክተር። መርገጫው የት እንዳለ በዓይኔ እያየሁ ነው የምረግጠው። ደህና አይደለሁም።»

ዶክተሩ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለው።