የበቅሎ ዋጋ ያወጣ መነጽር

በ1930 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከገሳይ ከተማ በላይ ጉና ተራራ ሥር ባለች መንደር፣ አዳኙ ማሩ አንድ ጅብራ ገደለ።

ጅብራ ያው ተክል ነው። ደጋው ላይ ሰው አክሎ ይቆማል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ከዚያ በቀር ማንንም አይነካም። ማሩ ግን ድኩላ መስሎት ከማለዳ ጀምሮ በደረቱ እየተሳበ ተጠጋው፤ የነፋሱን አቅጣጫ አየ፤ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ውጅግራ ጠመንጃውን ተኮሰ። አልሳተም። ሮጦ ሲደርስ ወገቡ ላይ የተመታ ደረቅ ጅብራ ተጋድሞ አገኘ።

ይህ በዚሁ ቢቀር ደግ ነበር። ነገር ግን የሚስቱ ወንድም ካሳሁን የጠፋች ጊደር ፍለጋ ማዶ ካለው ተረተር ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ሰዉ ጠላውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ካሳሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«አያ ማሩ፣ ቆዳውን ገፈፉት ወይስ እንዳለ ተሸክመው አመጡት?» አለ።

ጠላው እስኪፈስ ድረስ ተሳቀ። ማሩም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

ማሩ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ከገደል ማዶ የቆመ ድኩላ ወንድ ይሁን ሴት ለይቶ የሚናገር ሰው ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ራቅ ያለው ነገር ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስለዋል። ለማንም አልተናገረም። ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ጠበል ሄዶ፣ ጉልበቱን ትቶ ዓይኑን ሲያጥብ ሰነበተ። ሚስቱ ፈንታነሽ ግን ነገሩን ከነቃች ቆይታለች። ባለፈው ክረምት አጥሩ ሥር የቆመችን አህያ «ወርቅነሽ፣ እንደምን አደርሽ?» ሲል ሰምታዋለች። ወርቅነሽ ጎረቤታቸው ናት። ፈንታነሽ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ማሩ ይችለው ነበር። ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ወዲህ ጥይት እንደ ልብ አይገኝም። ጠመንጃ መያዝም ክልክል ስለሆነ ውጅግራው የሚያድረው ጉና ላይ ካለ ዋሻ ውስጥ ነው። የቀረችው ጥይት አሥር ናት። የድኩላና ሰስ የምትባለውን የገደል ሚዳቋ ቆዳ እየሸጠ ነበር ለቤቱ ጨውም ልብስም የሚገዛው፤ አንዲት ጥይት ጅብራ ላይ ስትባክን አንድ ቆዳ አብሮ ይሄዳል።

ቆዳውን የሚገዛው ሸሪፍ የሚባል የደብረ ታቦር ነጋዴ ነው። ገሳይ ገበያ አቡጀዲ ጨርቅና አሞሌ ጨው ይዞ ይወጣል። አባቱና የማሩ አባት ወዳጆች ስለነበሩ ልጆቹም ወዳጅነቱን ወርሰውታል። በሚቀጥለው ገበያ ሸሪፍ ማሩን በዓይኑ ጠቀሰውና ዕቃ ወደሚያሳድርበት ቤት ጓሮ ወሰደው። ከበርበሬ ጆንያ ውስጥ እጁን እስከ ክንዱ ሰዶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ምንድን ነው?» አለ ማሩ እያስነጠሰ።

«መነጽር ነው። የጣሊያን መኮንኖች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት። በካርታ ቁማር ከተበላ ሰው እጅ ነው የመጣልኝ፤ ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ። ይልቅ ዓይንህ ላይ አድርገውና ወደዚያ እይ።»

ማሩ አደረገው። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ሸሪፍ መሐል ያለችውን ባለ ጥርስ መዘውር በጣቱ ቀስ እያለ ሲያዞራት፣ ጉና ተራራ ድንገት መጥቶ አፍንጫው ሥር ቆመ። ማሩ ሳያውቀው እጁን ዘረጋ። ከዚያ መንገዱን አየ፤ አንዲት ሴት አልሄድም ያለ አህያዋን ትቆጣለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ድምጿስ? ድምጿ አይመጣም?» አለ።

«እሱን ገና አልሠሩትም» አለ ሸሪፍ።

ማሩ መነጽሩን ከዓይኑ ለማውረድ አልቻለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየውን ነበር ያየው። ዋጋውን ጠየቀ።

«ለሌላ ሰው ቢሆን ሃምሳ ጠገራ ብር እለው ነበር። ላንተ አርባ። ብሩ ከሌለህ በቅሎህን።»

«በቅሎዬን!»

«አዎ፣ ዳማዋን።»

ማታ ማሩ ነገሩን ቤቱ ሲያወራ ፈንታነሽ የምትለቅመውን ምስር ሰፌዱ ላይ ተወችው።

«አንቱ ሰውዬ፣ እህሉን ደብረ ታቦር ድረስ በመነጽሩ ላይ ሊጭኑት ነው?»

«ፈንታነሽ፣ አንዴ ስሚኝ። አሥር ጥይት አለኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ እንዲህ ሆኜ ከሄድኩ አምስቱን ጅብራ ይበላቸዋል። መነጽሩ ካለኝ አሥሩም ቆዳ ይዘው ይመለሳሉ። በሁለት ዓመት ሌላ በቅሎ እገዛለሁ።»

«እስከዚያስ እኔን ነው የሚጭኑኝ?» አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ደግሞ ጣሊያን ቢያገኝብዎስ? ጠመንጃ የያዘውን ወንበዴ ይለዋል፤ መነጽር የያዘውን ሰላይ ብሎ ይሰቅለዋል።»

ማሩ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ። ዓይኔ ደክሟል የሚለው ቃል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ በመውጣቱ ሁለቱም ቀለል አላቸው። በመጨረሻ የተስማሙት በሙከራ ነው። መነጽሩ አንድ ሳምንት ይሞከራል፣ በቅሎዋ ሳምንቱን በመያዣነት ሸሪፍ ዘንድ ትቆያለች። ሸሪፍም እሺ አለ።

የመጀመሪያው ቀን በከንቱ አለፈ፤ ማሩን ከጠየቃችሁት ግን የዕድሜው ምርጥ ቀን ነበር። ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል ሰስ ከነግልገሏ አገኘ። የግልገሉ ጆሮ ዝንብ ሲያባርር ሳይቀር ይታየዋል። እናቲቱ ስትልሰው፣ ግልገሉ ሲያንሸራትተው፣ ደግሞ አፍሮ እንደ ሰው ዞር ዞር ሲል እያየ ዋለ። ጠመንጃው ትዝ ያለው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

«ምን ገደሉ?» አለች ፈንታነሽ።

«ምንም። ግን ብታዪ...»

«ለማየት ማ በቅሎ ይሰጣል?»

በሁለተኛው ቀን የመነጽሩ ጉድ ወጣ። ኮሶ ዛፍ ሥር የቆመ ትልቅ ወንድ ድኩላ በመነጽሩ አየ፤ በጎኑ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። ማሩ መነጽሩን አውርዶ ጠመንጃውን አነሳ። ድኩላው የለም። ኮሶውም የለም። ያለው ጉም ነው። ጠመንጃውን አስቀምጦ መነጽሩን አነሳ፤ ድኩላው እዚያው ቆሞ ያመሰኳል። እንዲህ አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል፣ በአራተኛው ጊዜ መነጽሩ ከውጅግራው ብረት ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። ድኩላው እብስ አለ።

ማሩ እዚያው ቁጭ ብሎ አሰበበት። መነጽሩ አውሬውን ወደ ዓይኑ ያመጣል እንጂ ወደ ጠመንጃው አያመጣውም። ይህን ሸሪፍ አልነገረውም፤ ሸሪፍም አድኖ ስለማያውቅ አይፈረድበትም።

በሦስተኛው ቀን ፈንታነሽ ስንቁን ቋጥራ ራሷ አብራው ወጣች። በቅሎዋ የምትሸጥበትን ነገር በዓይኔ ልየው ብላ ነው። ጥቂት እንደ ሄዱ ማሩ መነጽሩን አድርጎ ያንኑ ድኩላ ገደሉ አፋፍ ላይ አገኘው።

«አገኘሁት» አለ በሹክሹክታ።

«ያ ከኮሶው በስተግራ ያለው? ድንጋዩ ላይ አገጩን ያሳረፈ የሚመስለው?»

ማሩ መነጽሩን ቀስ አድርጎ አወረደና ሚስቱን አያት። በባዶ ዓይኗ ነው ያየችው። ሠላሳ ዓመት አብሯት ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ አደን ይዟት ወጥቶ አያውቅም።

«ከዚህ ይታይሻል?»

«ለምን አይታየኝም? ይልቅ ዝም ይበሉና ይከተሉኝ፤ ነፋሱ ከወዲያ ነው።»

ከፊት ሆና በእጇ እየመራችው በጓሳው ሣር ውስጥ አጎንብሰው ወረዱ። ይቁሙ ስትለው ቆመ፣ ይቀመጡ የሚል ምልክት ስትሰጠው ተቀመጠ። አርባ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው የማሩ ዓይን ራሱ ጥቁር ነገር ለየ። «ጅብራ አይደለም?» አለ። «እባክዎ ይተኩሱ!» አለች። ተኮሰ፤ ድኩላው አንድ ጊዜ ዘሎ ወደቀ።

ቆዳውን ገፈው ከጨረሱ በኋላ ለማረፍ ተረተሩ ላይ ወጡ። ፈንታነሽ ዳቦውን ስትቆርስ ቆላው ወደሚወርደው መንገድ ቃኘት አደረገችና፣

«አቧራ አለ። ሰርገኛ ይመስላል፤ ወሩም የሰርግ ነው» አለች።

ማሩ እንዲያው ለወጉ ያህል መነጽሩን አነሳ። ሰርገኛ አልነበረም። ቀይ ቆብ ያደረጉ አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ናቸው፣ ስድሳ ይሆናሉ፤ ሣጥን የጫኑ በቅሎዎች ከኋላ ይከተላሉ፤ ከፊት አንድ ፈረንጅ በፈረስ ላይ አለ። ወደ ገሳይ የሚወስደውን መንገድ ትተው ወደ እነሱ መንደር ታጠፉ።

«ጠመንጃ ለቀማ ነው» አለ ማሩ። «ቢበዛ ሁለት ሰዓት መንገድ ቢቀራቸው ነው።»

ፈንታነሽ ዳቦውን ጣለችው። ውጅግራውን፣ ቆዳውንና ሥጋውን ዋሻው ውስጥ ወርውረው ቁልቁል ሮጡ። ማሩ እንደዚያ የሮጠው ሲያገባት የሚዜዎቹ ፈረስ በደነበረበት ቀን ብቻ ነው። መንደር እንደ ደረሱ ቤት ለቤት ነገሩ ተሰማ። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጫካ፤ በሬዎቹና ላሞቹም ተከትለው ወደ ጫካ። ካሳሁን የመንደሩን ግማሽ ከብት እየነዳ ወጣ።

ማሩ ደጁ ላይ ደርሶ እፎይ ሲል ፈንታነሽ ጮኸች።

«አንገትዎ! አንገትዎ ላይ!»

መነጽሩ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የአስካሪዎቹ መለከት ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ፈንታነሽ መነጽሩን ከአንገቱ መንጭቃ አወጣችና ግራ ቀኙን አየች፤ ከዚያ ጣሪያው ጥግ የተንጠለጠለውን የንብ ቀፎ የኋላ ክዳን ከፍታ፣ እጇን እስከ ብብቷ ድረስ አስገብታ ከተተችው። ንቦቹ ዝም አላሉም። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ክዳኑን መልሳ ዘጋች።

ፈረንጁ መጣ። የማሩ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው ደረቱ ላይ ነው፤ ቀፎው ውስጥ ላለው መነጽር ታናሽ ወንድም የሚመስል መነጽር አንጠልጥሏል። አስተርጓሚው ጠመንጃችሁን አምጡ አለ። የለንም ተባለ። ቤት ተፈተሸ፤ ጎታ ተገለበጠ፤ የጭድ ክምር በሳንጃ ተወጋ። አንዱ አስካሪ ወደ ቀፎው ሲጠጋ ማሩ በልቡ እግዚኦታ ጀመረ። ቀድመው የተቆጡት ንቦች ግን ሰውዬውን ከንፈሩ ላይ፣ ቀጥሎም የፈረንጁን ፈረስ ጆሮው ላይ ነደፉት። ፈረሱ ፈረንጁን ይዞ ወደ አጥሩ በር ጋለበ፤ ሌሎቹም ቆቦቻቸውን እያራገፉ ተከተሉት።

ሁለት በግና የወርቅነሽን ዶሮዎች ወሰዱ፤ ጠመንጃ ግን አንድም አላገኙም፤ ሰውም አላሰሩም። ባለፈው ወር ከወንዝ ወዲያ ያለችው መንደር ሰባት ሰው ታስሮባት ነበርና የዚህን ዋጋ ሁሉም ያውቀዋል።

በማግስቱ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተሰበሰበ። የፈንታነሽ እጅ ቅል አክሏል። ማሩ መነጽሩን ማርና ሰም እንደተቀባ መሐል አስቀመጠና ተነሳ።

«ለአደን ከሆነ በቅሎዬን አልሰጥበትም» አለ። «ለአደን ፈንታነሽ ትበልጠዋለች። ዓይኔ ደክሟል፤ ይኸው ሁላችሁም ስሙት። ትናንት ግን አቧራውን እሷ አየች፣ ሰዎቹን ያሳየን ይህ ነው። አርባ ብር ለኔ ብቻ ብዙ ነው፤ ለሁላችን ብዙ መሆን አለመሆኑን እናንተ ንገሩኝ።»

ማንም አልሳቀም። ካሳሁን ቀድሞ ተነሳና ያቺን ፈልጌ ያገኘኋትን ጊደር ሸጬ የዋጋዋን ግማሽ እሰጣለሁ አለ። ከዚያ ማር ያለው ማር፣ ገብስ ያለው ገብስ፣ ብር የቀበረ ብሩን አመጣ። ገበያ ቀን ሸሪፍ የመጣለትን ሲያይ የሆነው ሁሉ ሳይነገረው ገባው።

«ሠላሳ ይበቃኛል» አለ። «ደግሞ ማንም ቢጠይቅ እኔ የሸጥኩላችሁ አቡጀዲ ነው።» በቅሎዋንም ራሱ ፈትቶ ለፈንታነሽ ሰጣት።

ጣሊያን በ1933 ከደብረ ታቦር እስኪወጣ ድረስ ተረተሩ ላይ በየቀኑ ተራ የደረሰው ሰው መነጽሩን ይዞ ይውል ነበር። ሁለት ጊዜ ደግሞ አስካሪ መጥቶ ባዶ መንደር አግኝቶ ተመልሷል። የፈንታነሽ ተራ ሲደርስ ግን መንደሩ ከጣሊያን ይልቅ እሷን ይፈራ ጀመር። ገሳይ ላይ ማን ጠላ ቤት እንደ ገባ፣ ማን ለእርሻ ብሎ ወጥቶ ዛፍ ሥር እንደ ተኛ፣ ማታ ስትወርድ አንድ በአንድ ታወራዋለችና።

ከሰኞ እስከ እሑድ ማን በየትኛው ቀን ይወጣል የሚለው ሲደለደል፣ ዛፍ ሥር ከሚተኙት አንዱ የሆነው ካሳሁን የእህቱን ተራ ለራሱ ጨምሮ ለመውሰድ ሦስት ጊዜ ለመነ። አልሰጡትም።