«ያመኛል» ለማለት

ኪንታሮቴን ሁለት ዓመት ደብቄዋለሁ። ከወረዳችን ከደሃና ገበያ ስንወርድ ጓደኞቼ ለማረፍ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ፣ እኔ አህያ የምጠብቅ መስዬ ቆሜ እቀራለሁ። የነገርኩት ሰቆጣ ለሚኖሩት አክስቴ ብቻ ነው። እሳቸውም በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ሆኖ ሳገኘው መግቢያ አጣሁ። እሱ ግን ጉሮሮዬን ያየ ይመስል ምንም ሳይደንቀው፣ ኪንታሮቱን ዛሬውኑ ቆርጦ እንደሚያወጣልኝ፣ ማደንዘዣው ቦታው ላይ ብቻ እንደሚወጋ፣ እንደማያስተኛኝ፣ ከሰዓት ቤት እንደምገባ ነገረኝ። መርፌው ሲገባ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። «ካመመሽ ንገሪኝ፤ ሌላ ሥራ የለብሽም» አለኝ።

ያቺ ሥራ ናት ያቃተችኝ። በእኛ አገር ሴት በምጥ እንኳ ድምፅዋ ከደጅ ከተሰማ መተረቻ ትሆናለች። እናቴ እኔን ስትወልድ ከግድግዳው ማዶ እህል ታበጥር የነበረችው ጎረቤት ምንም አልሰማችም ይባላል፤ እናቴ እስከ ዛሬ ትመሰገንበታለች። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ ብዬ በጎኔ ተኛሁና የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ።

መርፌው እንዳለው አቃጠለኝ። ሐኪሙ ጥቂት ጠብቆ በግራ በኩል ሲነካኝ የሌላ ሰው ገላ መሰለኝ። በቀኝ ሲነካኝ ግን እሳት ነው። እዚህስ ያምሻል ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ነጠላውን አጥብቄ ነከስኩ።

ከመጋረጃው ውጭ የሚጠብቁት አክስቴ አላስቻላቸውም። «አያማትም ልጄ፣ ቀጥል» አሉት። ለእኔ ደግሞ በኽምጣኛ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ እንዳታሰድቢኝ አሉኝ። ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ቋንቋው አልገባውም። አጠገቡ ሆና የምትረዳው ነርስ ግን የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የአልጋውን ብረት የጨመደደ እጄን አየችና ሳቋን ተወች። ያማታል ብላ ነገረችው።

ሐኪሙ እጁን ሰበሰበ። አልተቆጣኝም። ካልነገርኩት ማደንዘዣው የት እንደያዘ ማወቂያ እንደሌለው፣ ድንገት ብንቀሳቀስ እንደምጎዳ፣ በዚህ ዓይነት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተኝቼ እንዲሠራልኝ ሌላ ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ። እዚያ ለመሄድ አባቴ ሊያውቅ ነው፤ ወንድሞቼ ሊሸኙኝ ነው፤ መንደሩ በሙሉ ምን ሆነች ብሎ ሊጠይቅ ነው። ነጠላውን ከአፌ አወጣሁት።

«ያመኛል» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «በቀኝ በኩል ያመኛል። እትዬ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ።»

አክስቴን ዝም ያሰኘ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረልኝና ጠብቆ ነካኝ። አሁንስ? ትንሽ። አሁንስ? ምንም። ከዚያማ አፌን የሚይዘው ጠፋ፤ ጎተተኝ፣ ቀዘቀዘኝ፣ አሁን ደግሞ ምንም አይታወቀኝም እያልኩ አንድ በአንድ ስነግረው፣ ነርሷ የተባልሽው ሕመሙን እንድትናገሪ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ሥራው ሳላስበው አለቀ።

ሲያሰናብተኝ ክኒኑን ማደንዘዣው ሳይለቅሽ ዋጪ፣ ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥም ተቀመጪ አለኝ። አክስቴ መንገድ ላይ አኩርፈውኝ ነበር፤ ቤት ስንደርስ ግን ራሳቸው ውሃ አሙቀው በሰፊው ሳፋ አቀረቡልኝ።

አመሻሽ ላይ ማደንዘዣው ለቀቀኝ። የሁለተኛው ክኒን ሰዓትም ደርሶ ነበርና «እትዬ፣ ጀመረኝ፤ ክኒኔን ያምጡልኝ» ብዬ ተጣራሁ። ጎረቤት ይሰማል ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ክኒኑንና ውሃውን ይዘው መጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ያ ልጅ መቀመጫሽን አድኖ አፍሽን አበላሸው» አሉኝ።

ስስቅ ቁስሉ ጎተተኝ። እሱንም ነገርኳቸው።