ብርክ

የያዙኝ ጊንጆ ሰፈር ካለው የልብስ ስፌት ሱቄ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለፈረሱት የገበያ ሱቆች ተናግሬ ነበር። የመጡት ሰዎች "ለጥቂት ጥያቄ ነው" አሉኝ። ሻርፔን እንኳ በደንብ ሳልጠመጥም መኪናቸው ላይ ወጣሁ።

ያስገቡኝ የድሮ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፤ የደረቀው የጀንፈል ቡና ሽታ ግን ግድግዳው ላይ ቀርቷል። መስኮት የለውም። ውስጥ አንዲት ወጣት ተቀምጣ አገኘሁ፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥታ እዚህ ኮሌጅ አማርኛ የምታስተምር ነች። በፊተኛው ቀን ጠጠር ላይ አንበርክከው ሲመረምሯት ውለዋል። ከውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጉልበቷ እርስ በርሱ ይጋጫል።

"ብርክ ያዘሽ፣ ልጄ" አልኳት። "ጀባዱ፣ በርቺ።"

ፈገግ አለች። "ብርክ በግዕዝ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?"

"እኔ የማውቀው ፍርሃቱን ነው።"

"ጉልበት ማለት ነው። ሰው ክፉኛ ሲፈራ ቀድሞ የሚከዳው ጉልበቱ ነው፤ ለዚያ ይመስለኛል ስሙ ለፍርሃቱ የቀረው። መንበርከክም ከዚያው የመጣ ነው።"

"እኛ በረካ የምንለው፣ በረከቱስ?"

"እሱም ዘመዱ ነው ይላሉ።"

ይህን እያወራን በሩ ተከፈተ። እሷን የሚጠሩ መስሎኝ እጇን ያዝኩ። የጠሩት እኔን ነው።

እስከዚያ ድረስ አጽናኟ እኔ ነበርኩ። ከበሩ እንደወጣሁ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ጠባቂው ክንዴን ይዞ ምርመራ ክፍል አስገባኝ። መርማሪው ወለሉ ላይ የተበተነውን ጠጠር አሳየኝና "ተንበርከኪ" አለ።

"ቆሜ ልመልስ" አልኩት። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። ልመና ይሁን እምቢታ ዛሬም አላውቅም።

ትንሽ አየኝ። "እንግዲያው ትቆሚያለሽ" አለ።

ቀትር ላይ የዙህር አዛን ሲሰማ ቆሜ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የአስርም ሲሰማ እንደዚያው። ልወድቅ ስል ጠረጴዛውን እየያዝኩ ቀና አልኩ። አልተንበረከክኩም።

ስመለስ መምህርቷ ደግፋ አስቀመጠችኝ። እግሬን ታፋዋ ላይ አድርጋ እስኪመሽ አሸችልኝ።

ሁለታችንም ክስ ሳይመሰረትብን ተፈታን። እሷ አሁን ሌላ ከተማ ታስተምራለች፤ በየዒዱ ትደውልልኛለች። ስለዚያ መጋዘን አንስተን አናውቅም። ስለ ልጇ ትነግረኛለች፣ ስለ ዝናቡ እነግራታለሁ። ከመሰነባበታችን በፊት ግን "ጉልበትዎን እንዴት ነዎት?" ትለኛለች።

"አልሃምዱሊላህ፣ ያቆመኛል" እላታለሁ።

 ከዚያም ከሁለታችን ስልኩን ቶሎ የሚዘጋ የለም።