የአክስቴ ወስፌ

የመጀመሪያ ቤታችንን ልንገዛ ደብረ ታቦርን ስናስስ ደላላችን አንድ ነበር፤ የሻጩም የእኛም። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ቤት የሚያሳየን ግን ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲደርቅ ብቻ ነበር። እኔ አምኜዋለሁ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ክረምቱ ሳይገባ ከኪራይ ቤት እንውጣ ብዬ ቸኩያለሁ። ያጠራቀምነው ለአንድ ቤት ብቻ ነው፤ ከተሳሳትን ሌላ ዕድል የለንም።

አክስቴ ወሬውን ሰምታ ማንም ሳይጠራት ከምትኖርበት ከገሳይ መጣች። ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ መቀነቷ ላይ ሰክታለች። ግቢው ውስጥ ኮክ ያለበትን፣ ኖራ የተቀባውን ቤት ወድጄው ነበር። እሷ ኮኩን ዞራም አላየችው። ጎንበስ ብላ የማዕዘኑን ቋሚ እንጨት ከሥሩ በወስፌው ወጋችው። እስከ እጀታው ገባ።

«ቤቱን ሊያፈርሱት ነው እንዴ እማማ?» አለ ደላላው።

«በስብሷል ልጄ። አንተ የሁለቱም ወገን ነህ፣ አልፈርድብህም። እኔ ግን የእነዚህ ብቻ ነኝ።»

በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለተኛውንም ቤት እንዲሁ ጣለችው። ክረምቱ ገባ፣ ልጃችን ኪራይ ቤት ተወለደች፤ እኔም አክስቴን አኮረፍኳት። ሦስተኛው ቤት ላይ ወስፌው አልገባም አለ። «ይሄ ይሁን» አለች።

ልጆቻችንን ያሳደግነው እዚያ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስትመጣ ሳትቀመጥ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ትወጋ ነበር፤ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ እስቅባት ነበር። ያ ጎንበስ ብላ የምትዞረው ነገር አሁን በጣም ይናፍቀኛል። ስታርፍ ወስፌው ለእኔ ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቋሚዎቹን የወጋ ሰው የለም።

ዘንድሮ ወደ ባሕር ዳር ልንዛወር ቤቱን ለሽያጭ አቀረብነው። በጓዳው በኩል ያለው ቋሚ ባለፈው ክረምት እርጥበት ገብቶበት ነበር። አልዋሽም፣ ኖራ ቀባሁበት። ከብዙ ጥበቃ በኋላ እኔ የያዝኩት ደላላ ሁለት አዲስ ተጋቢዎች ይዞ መጣ። ከእነሱ ጋር ሌላ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ፣ «ጠንካራ ነው አይደል?» ብላ ደላላውን ጠየቀችው።

«ድንጋይ በይው» አላት።

ባለቤቴ አየችኝ። እነዚህም ከሄዱ ባሕር ዳር የምንገባበት ቤት እንደሚያመልጠን ሁለታችንም እናውቃለን። ጓዳ ገብቼ ከመሳቢያው ወስፌውን አወጣሁና ለልጅቷ ሰጠኋት።

«ከዚህኛው ጀምሪ ልጄ» አልኳት ኖራ የቀባሁትን ቋሚ እያሳየሁ፤ «ከሥሩ ውጊው።»